መኪናም በሽታውን ይናገራል፤ ነገር ግን ጠያቂ ይሻል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። የዛሬው መኪና በዚህ አይታማም። ሞተሩ ገና ሳይቆም በሹፌሩ ፊት ቢጫ መብራት አብርቶ «አሞኛል» ይላል። ችግሩ ያለው በመኪናው ዝምታ ሳይሆን በእኛ አሰማም ላይ ነው። መብራቱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፍርድ እንቀበለውና ጤነኛውን ዕቃ ፈትተን እንጥላለን፤ በሽታው ግን ባለበት ይቀራል።

ይህን ለማለት ያበቃን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በጫጫ ከተማ ያጋጠመን ነገር ነው። የተሳፈርንባት ፒክአፕ አራቱም ጎማዎቿ ከሞተሩ ኃይል የሚያገኙ፣ ሹፌሮች «ፎር ዊል» የሚሏት ዓይነት ነበረች። የጫነችው በበረዶ ሣጥን የታሸገ ክትባት ሲሆን፣ መድረሻዋም ከአንኮበር ቁልቁል ያለው ቆላ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉ ስለሚደክም፣ በመንገድ የሚባክነው ሰዓት ሁሉ ከሕፃናት ጤና ላይ የሚቀነስ ነው። ጫጫ ስንደርስ ቢጫው መብራት በራ፤ ሞተሩም ጉልበት አጣ።

ዐፄ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከጫጫ ሩቅ አይደለችም። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ስትገባ ብልሽቷን ለማወቅ ጆሮና ዓይን ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው፤ የኮምፒውተሩም ዓይንና ጆሮ ሴንሰር ይባላል። ሴንሰር ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ፍጥነትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚተረጉም ትንሽ ዕቃ ነው።

በመንገድ ዳር ያገኘነው ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ካለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ሰካ። ይህ ሶኬትና በእርሱ የሚነበበው የቁጥር ቋንቋ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአዳዲስ ትናንሽ መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆኖ፣ ኋላም በሌላው ዓለም የተስፋፋ ነው። መመርመሪያው «ፒ 0107» አለ፤ ትርጉሙም ከአየር ግፊት ሴንሰር የሚመጣው ቮልት ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የግፊት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦዎች አሉት። በአንደኛው 5 ቮልት ከኮምፒውተሩ ይመጣለታል፤ ሁለተኛው ኔጌቲቩ ነው፤ በሦስተኛው መልሱን ይልካል። እንግዲህ ቁጥሩ የከሰሰው ሴንሰሩን ብቻ ሳይሆን ሽቦዎቹን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩን በጅምላ ነው። ከእነዚህ መካከል ጥፋተኛውን መለየት የባለሙያው ፋንታ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት መመርመሪያው 72 ኪሎፓስካል አሳየ። እኛም መጽሐፍ ያነበብን ነንና «የአየር ግፊት 101 መሆን አለበት፤ ሴንሰሩ ሞቷል» ብለን ፈረድን። ወጣቱ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ እሱ በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እኛ ያለነው ደጋ ነው» ቢለን አፈርን።

ነገሩስ እ.ኤ.አ. በ1648 የተፈተነ ነው። ብሌዝ ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የእኅቱን ባል የሜርኩሪ መለኪያ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ቢልከው፣ ሰውየው ከፍ ባለ መጠን ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የግፊት መስፈሪያው ዛሬ በፓስካል ስም ይጠራል። ጫጫ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት 72 ገደማ ነው። ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሮ ሳለ እኛ ሐሰተኛ አልነው።

ወጣቱ ግን ምርመራውን አላቆመም። ዓይኑን ከቁጥሩ ሳያነሣ ሽቦዎቹን ከሶኬቱ ጀምሮ በጣቱ እያነቃነቀ ሄደ። አንድ ቦታ ሲነካ 72 የነበረው ቁጥር ድንገት ወደቀ። ልባሱ ቢገለጥ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት በልቶት በጥቂት ክር ብቻ ተያይዞ ተገኘ። የተበላውን ቆርጦ፣ በብየዳ ቀጥሎ፣ ሸፍኖ አሰረው። አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

ከዚህ በኋላ ሌላም ትምህርት ሰጠን። ጫጫና ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የታወቁ ናቸው። መኪናው ቆሞ ካደረ፣ ማለዳ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሞተሩ ውሃ ሴንሰርና የሚሳበው አየር ሴንሰር የተቀራረበ ሙቀት መናገር አለባቸው። አንዱ ከዜሮ በታች 40 ቢል፣ ጫጫ የቱንም ያህል ብትበርድ እዚያ ስለማትደርስ፣ የተቆረጠ ሽቦ ወይም የሞተ ሴንሰር አለ ማለት ነው። ለመለየትም ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ቁጥሩ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ከዘለለ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደኅና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ፈተና ለባለ ሁለት ሽቦው የሙቀት ሴንሰር ብቻ ነው፤ በባለ ሦስት ሽቦው ላይ መሞከር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሴንሰሩን ፈትቶ በፈላ ውሃ የሚፈትንም ሰው፣ ውሃ ጫጫ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አይርሳ።

በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በየጎማው አጠገብ የፍጥነት ሴንሰር ሊኖር ይችላል። ጭቃ ሲሞላበት ወይም ከጎማው ጋር የሚወዛወዘው ሽቦ ሲላላጥ የፍሬኑ «ኤቢኤስ» መብራት ይበራል። መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎም የቀኙን ከግራው ጋር ማስተያየት ይገባል። አሮጌው ዓይነት በኦም ይለካል፤ አዲሱ ግን በውስጡ ኤሌክትሮኒክ ስላለው ጎማው እየዞረ በመመርመሪያ መታየት አለበት። ከሁለት ወደ አራት ጎማ ሲቀየር መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢልም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ማርሹ ገና አልገባም ማለት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሜትር በዝግታ ቀጥ ብሎ መንዳት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ይህን የምንጽፈው ለመካኒኮች ብቻ አይደለም። ነገ የመሥሪያ ቤት መኪና በኃላፊነት የሚረከቡ፣ የመለዋወጫ መግዣ ላይ የሚፈርሙ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታቸው በፊት «ተለክቷል ወይ? በምን ታወቀ?» ብለው ይጠይቁ። ምስክር ሳይመረመር ፍርድ መስጠት በችሎት ነውር እንደሆነ ሁሉ በጋራዥም ነውር ነው።

ፒክአፗ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን በሙሉ ጉልበቷ ወጣች። የበረዶ ሣጥኑም ሳይከፈት ቆላ ደረሰ።