አገር ቤት ያፈርንበት ሥራ

ሌሊት ነው። አል መዝሩዒያ ውስጥ በአንድ ቤት ማዳም ተኝታለች፤ ልጆቹም ተኝተዋል። ሳህኑ ታጥቧል፣ የነገው የትምህርት ቤት ልብስ ተተኩሶ ተሰቅሏል። እህታችን ክፍሏ ገብታ፣ ኢሞ ከፍታ ከእናቷ ጋር ታወራለች። ከእናቷ ጎን ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት አለች። «ልጄ፣ ሥራሽ ግን ምንድን ነው?» ትላታለች ጎረቤቲቱ። እህታችን ትንሽ ዝም ትልና «ልጅ ነው የምይዘው» ብላ ትመልሳለች። ልጅ መያዟ እውነት ነው። መጸዳጃ ቤት ማጠቧን፣ ደረጃ መወልወሏን፣ የአሮጊቷን ገላ ማጠቧን ግን አላነሳችም።

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ራስሽን አይተሽ ይሆናል። ይህችው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ሰፈሯ «ቤቴን አጽጂልኝ፣ እከፍልሻለሁ» ብትባል «እኔ የማን ገረድ ነኝ!» ብላ በተቆጣች ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ ባሕር ተሻግራ መጥታ ትሠራዋለች። መጥረጊያው ያው መጥረጊያ፣ ወለሉም ያው ወለል ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

አንዱ መልስ ገንዘቡ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላውን ግን ደፍረን አንናገረውም፤ እዚህ የሚያውቀን ሰው አያየንም። ስለዚህ አገር ቤት ያሳፈረን የሰው ዓይን ነበር ማለት ነው። ይህ የሰው ዓይን ከየት መጣ? ለምንስ እስከ ዛሬ ያስፈራናል?

ንቀቱ ከየት መጣ?

በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚኖር ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተባለ። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ተብሎ ተሰደበ። እናቶቻችን ወጥ የሚሠሩበትን ድስትና እንጀራ የሚጋግሩበትን ምጣድ የምትሠራዋ ሸክላ ሠሪ ከሰፈር ዳር እንድትኖር ተደረገች። የምንለብሰውን ጥበብ የሚሸምነው «ቁጢት በጣሽ» ተባለ። እጁ የሠራውን ሁሉ ይፈልጉታል፤ እሱን ግን ልጅ አይድሩለትም። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ብልህ፣ አዋቂ ማለት ነው። የምስጋናውን ስም ስድብ ያደረግነው እኛው ነን።

ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እናታቸው ልጃቸውን ለማሳደግ ኮሶ ሸጠዋል ስለሚባል ነው። ይኸው ንጉሥ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከሠራዊታቸው ጋር ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይጠርጉ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈውታል።

ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም በሙያው እያዋረዱ መጥራት አገሪቱን ያለ ባለሙያ እንደሚያስቀራት፣ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን፣ በሌላው ዓለም አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው እንደሚከበር ተናገሩ። ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው አሉ፤ ቅጣቱንም የአንድ ዓመት እስራት አደረጉት። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን «ካልተማርክ ኩሊ ትሆናለህ»፣ «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» በሚሉ አባባሎች ውስጥ አሁንም አለ። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስንልክ ዕውቀት እንዲያገኙ ብቻ አይደለም፤ እጃቸው እንዳይቆሽሽም ነው።

የዚህ አገር ሰዎችም ጠልቀዋል፣ ቆፍረዋል

አሁን ወደምትኖሪበት ከተማ እንምጣ። ዳማም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓሣ አጥማጆችና የሉል ጠላቂዎች ትንሽ መንደር ነበረች። በዚህ ባሕር ዳርቻ ብዙ ወንዶች በጋው በመጣ ቁጥር ለወራት ባሕር ላይ ይከርማሉ። ጠላቂው እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ፣ አፍንጫውን ቆንጥጦ፣ አንገቱ ላይ ዘንቢል አንጠልጥሎ ይወርዳል። ሉሉን የሚሸጠው ሌላ ነው። ጠላቂው ከጀልባው አለቃ የወሰደው ብድር ስለማያልቅ በሚቀጥለው ዓመትም ለመጥለቅ ይገደዳል፤ ዕዳው ለልጁ የሚተላለፍበትም ጊዜ ነበር። ከወኪል ዕዳ ጋር ወደዚህ የመጣሽ እህቴ፣ ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳሽ ትረጂዋለሽ።

ጃፓኖች ያረቡት ሉል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ያ ሥራ ወደቀ። በመጋቢት 1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳህራን ላይ «ዳማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት መስጠት ጀመረ። ጠላቂና ገበሬ የነበሩት ሰዎች የጉልበት ሠራተኛ ሆኑ፤ ቆፈሩ፣ ቱቦ ተሸከሙ፣ በዘንባባ ቅጠል በተሠራ ጎጆ አደሩ። በጥቅምት 1953 እ.ኤ.አ. ከአሥር ሺህ በላይ የሚሆኑ የነዳጅ ሠራተኞች የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ቤት ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ዛሬ በዚያው ኩባንያ መቀጠር በምሥራቁ ግዛት ሁሉ የሚያኮራ ነገር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ደመወዙ ሲሻሻል፣ ቤቱ ሲሠራ፣ ሕጉ ሲጠብቅ የሥራው ስም አብሮ ይለወጣል። ሥራ የሚናቀው በቆሻሻነቱ ቢሆን ኖሮ ነዳጅን የሚያህል የሚያቆሽሽ ነገር የለም። የሚናቀው፣ ተናግሮ የማይሰማ፣ ተበድሎ የማይከስ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው።

ሰው የቤት ሥራን የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ይህን ከያዝን መልሱ ይቀልላል። አንደኛ፣ ክፍያው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሠራተኛዋን ከሌላው ሠራተኛ ጋር አይቆጥራትም። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ለብቻዋ በወጣ ደንብ ትተዳደራለች። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ሦስተኛ፣ ሥራው አይታይም። የታጠበ ሳህን ማንም አያመሰግንበትም፤ ያልታጠበ ሳህን ግን ወዲያው ይታያል። አራተኛ፣ «ሙያ አያስፈልገውም» ይባላል።

አራተኛው ፈጽሞ ሐሰት ነው። የመጣሽ ሰሞን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ቁልፍ አታውቂውም ነበር፤ ቋንቋውንም አታውቂም ነበር። ዛሬ ከብሳ ትሠሪያለሽ፣ ዓባያውን ሳታቃጥዪ ትተኩሻለሽ፣ የባባን የስኳር መድኃኒት ሰዓት ጠብቀሽ ትሰጫለሽ። ክሎሮክስን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ርቦት ይሁን አሞት ከእናቱ ቀድመሽ ትለያለሽ። ይህ ሙያ ነው። ይህን ሁሉ የምትሠራ ሴት «ምንም አልሠራም፣ ቤት ነው ያለሁት» ስትል መስማት ያሳዝናል።

የባኪታ ሁለት መልሶች

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አብዛኛውን ዕድሜውን በናዝሬት አናጢ ሆኖ እንደ ኖረ እናውቃለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። ሙስሊም እህቶቻችንም ነቢዩ ዳዊት ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደ ነበር ተምረዋል። ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሴፍን የሠራተኛነት በዓል ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜይ 1 ቀን ታከብራለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር የሚለካው በሥራው ዓይነት ሳይሆን በሚሠራው ሰው እንደሆነ አስተምረዋል። መጥረጊያ የያዘውም እስክሪብቶ የያዘውም ሰው ነው፤ ክብሩም ከዚያ ይነሣል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የምትቀርበን የሱዳኗ ቅድስት ዮሴፊን ባኪታ ናት። በልጅነቷ ከዳርፉር ተጠልፋ ብዙ ጊዜ ተሸጠች፣ ተገረፈች። በመጨረሻ ወደ ጣሊያን ተወስዳ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ሞግዚት ሆነች። እመቤቲቱ ወደ ሱዳን ልትመልሳት ስትፈልግ ባኪታ «አልሄድም» አለች። ነገሩ ለዳኝነት ቀርቦ በኅዳር 1889 እ.ኤ.አ. ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ከዚያ መነኩሲት ሆና ስኪዮ በተባለች ከተማ ለብዙ ዓመታት ምግብ አበሰለች፣ ጥልፍ ጠለፈች፣ በር ጠበቀች። በ2000 እ.ኤ.አ. ቅድስት ተብላለች።

ልብ በዪ፤ ባኪታ ሁለት መልስ ሰጥታለች። ሰው ንብረቱ ሊያደርጋት ሲፈልግ «አይሆንም» አለች። ነፃ ከሆነች በኋላ ደግሞ ያንኑ የእጅ ሥራ «እሺ» ብላ ሠራችው። ሥራው አንድ ነበር፤ እሷ ግን የማንም ንብረት አልነበረችም።

ስለዚህ «ሥራ ክቡር ነው» የሚለውን ቃል ማንም በደልን ዝም ለማሰኘት ሊጠቀምበት አይገባም። ደመወዝሽን መጠየቅ ስስት አይደለም። ፓስፖርትሽን አሠሪ ይዞ ማስቀረት ሕጉ አይፈቅድለትም። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ይህ በሁሉም ቤት እንደማይፈጸም እናውቃለን። ቢሆንም መብቱ እንዳለ ማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የውልሽን ፎቶ በስልክሽ ያዢ፤ አንዱን ለምታምኚው ሰው ላኪ። የተከፈለሽንና ያልተከፈለሽን ወር በማስታወሻ ጻፊ።

ስትመለሺ

አንድ ቀን ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ ሁለት ፈተና ይጠብቅሻል።

የመጀመሪያው፣ «ከዓረብ አገር መጥታ ይህን ትሠራለች?» የሚለው የሰው አፍ ነው። ብዙ እህቶች ያጠራቀሙትን ቤት ተቀምጠው የጨረሱት ሥራ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ያገኙትን ሥራ አፍረውበት ነው። እዚህ ልብስ ስትተኩሺ ኖረሽ እዚያ ላውንድሪ ለመክፈት ምን ያሳፍራል? እዚህ ለአሥር ሰው ስታበስዪ ኖረሽ እዚያ ምግብ ቤት ብትቀጠሪ ምን ነውር አለው? ዳማም ላይ ያላፈርሽበትን እጅ ደሴ ላይ አትደብቂው።

ሁለተኛው ፈተና ይብሳል። ትንሽ ከተደላደልሽ ሠራተኛ ትቀጥሪያለሽ። ከገጠር የመጣች፣ የ15 ዓመት ልጅ ትሆን ይሆናል። ማታ መቼ ትተኛለች? በስሟ ትጠራለች ወይስ «አንቺ» ተብላ? ትምህርት ቤት ትሄዳለች? እንጀራዋን ከማዕዱ ትበላለች ወይስ ከጓዳ ትራፊ? እዚህ ያስለቀሰሽን ነገር ሁሉ እዚያ የማድረግ ሥልጣን በእጅሽ ይገባል። ከምኒልክ አዋጅ በኋላም ስድቡ ያልጠፋው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን አዋጅ ስላላወጣ ነው። ያን አዋጅ ከአንቺ ቤት የተሻለ ሊያውጅ የሚችል ቤት የለም፤ ነገሩን በእጅሽ ታውቂዋለሽና።

እናትሽ ዛሬ ማታ ስትደውል፣ ከቻልሽ ሥራሽን በስሙ ጥሪው። «ቤት አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ አሮጊት አስታምማለሁ» በያት። የወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ትወቅ።

ለመወያየት

1. ከአገር ስትወጪ የማትሠሪው የነበረ፣ ዛሬ ግን በደንብ የምትችዪው ሥራ የትኛው ነው?
2. በልጅነትሽ በሰፈርሽ በሙያው የሚሰደብ ሰው ነበር? አንቺስ ሰድበሽ ታውቂያለሽ?
3. አገር ቤት ሠራተኛ ብትቀጥሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትሰጫት ሦስት ነገር ምንድን ነው?