ዓይን ከምጣዱ ሳይነሳ

«ልጄ፣ እኔ ተኝቼ እሱ መነጽር አድርጎ ፊልም ሊያይ ነው እንዴ?»

እንዲህ ያሉኝ በሜሪላንድ በምሠራበት ሆስፒታል የአከርካሪ ኦፕሬሽን የሚጠብቁ አንዲት እናት ናቸው። የስልክ አስተርጓሚው ሁሉንም አስረድቷቸው፣ ፈርመዋል። ሐኪሙ «ሚክስድ ሪያሊቲ» የሚባል መነጽር አድርገው ይሠራሉ የተባለው ነገር ግን አልዋጥላቸው ብሏል። በዚያ ፎቅ ላይ አማርኛ የምናገር እኔ ብቻ ስለነበርኩ እጃቸውን ይዤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን ዙሪያውን ሲያፈሱ ዓይንዎ ወዴት ነው?»

«ምጣዱ ላይ ነዋ!»

«መነጽሩም ለዚሁ ነው። ዓይናቸው ከእርስዎ ላይ እንዳይነሳ ነው።»

ሥራዬ በኦፕሬሽን ክፍል ለሐኪሙ መሣሪያ ማቀበል ነውና መነጽሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ችግር በቅርብ አይቻለሁ። የታካሚው የአጥንት ምስል ራቅ ብሎ በቆመ ስክሪን ላይ ይታያል። የሐኪሙ እጅ ታካሚው ላይ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ቀና፣ ጎንበስ፣ ደግሞ ቀና። ሰዓታት በሚፈጅ ሥራ አንገት ይዝላል፣ ሐሳብም ይከፈላል። አጥንቶችን ለማያያዝ የሚገባው ብሎን የሚያልፈው ደግሞ በጠባብ የአጥንት ድልድይ ውስጥ ነው፤ ከድልድዩ አጠገብ ነርቮች አሉ። የጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል።

መነጽሩ ያንን ምስል አምጥቶ ሐኪሙ ዓይን ፊት ያኖረዋል። እኛ የምንጠቀምበት እንደ ቪዲዮ ጌም መነጽር ዙሪያውን አይጋርድም። መስታወቱ አሳላፊ ስለሆነ ሐኪሙ የተከፈተውን ቦታ፣ የገዛ እጁንና ምስሉን አንድ ላይ ያያል። ቅይጥ እውነታ መባሉም ለዚህ ነው። አስቀድሞ ምልክት ያለበት ትንሽ መቆንጠጫ አከርካሪው ላይ ይታሰርና እዚያው ክፍል ውስጥ ሲቲ ስካን ይነሳል። ከዚያ የመነጽሩ ካሜራ ምልክቱንና ሐኪሙ የያዘውን መሣሪያ እየተከታተለ፣ የመሣሪያው ጫፍ አጥንቱ ውስጥ የት እንደደረሰ ያሳያል።

ነገሩ ከጀመረ ብዙ ጊዜው አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ፓሪስ አጠገብ ባለው አቪሴን ሆስፒታል፣ የማይክሮሶፍትን ሆሎሌንስ መነጽር በመጠቀም ለአንዲት ታካሚ የትከሻ መገጣጠሚያ ተተካ። በለንደኑ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ደግሞ ክፉኛ የተጎዳ እግርን ከሌላ የሰውነት ቦታ በተወሰደ ቆዳና ሥጋ ለመጠገን፣ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ለማግኘት ረድቷል። እዚህ አሜሪካ፣ በእስራኤል የተመሠረተው ኦግሜዲክስ የሠራው የአከርካሪ መነጽር ፈቃድ ያገኘው በዲሴምበር 2019 ነው። በጁን 8 ቀን 2020 እኛው ጎረቤት ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ዶክተር ቲሞቲ ዊታምና ባልደረቦቻቸው በመነጽሩ እየተመሩ ስድስት ብሎኖች አስገቡ። ከሁለት ቀን በኋላም ከሌላ ታካሚ አከርካሪ ላይ የካንሰር ዕጢ ወጣ።

የእማማ ቀን ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሎኖች ያለችግር ገቡ። ሦስተኛውን ላቀብል ስል ሐኪሙ እንደ ልማዳቸው በመጠቆሚያው ዘንግ በዓይን የሚታየውን የአጥንት ጫፍ ነኩ። ዘንጉ አጥንቱን ነክቶ ሳለ፣ ምስሉ ላይ ግን የስንዴ ቅንጣት ያህል ወጣ ብሎ ታየ። «አቁሙ» አሉ። መቆንጠጫው ላልቶ ኖሯል። ብሎኑን ወደ ትሪው መለስኩ፣ መቆንጠጫው ጠበቀ፣ ስካኑ ተደገመ። ጊዜ ወሰደብን፤ ማንም ግን አላጉረመረመም።

ምስሉ የሚያውቀው የተነሳበትን ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ቢነካ ወይም አጥንቱ ቢንቀሳቀስ ያንኑ ጥርት ያለ ሥዕል የተሳሳተ ቦታ ላይ ያሳያል። ጥራቱ ራሱ ያታልላል። ስለዚህ ወጣት ሐኪሞች ያለ መነጽርም መሥራት እንዲማሩ አጥብቄ እመኛለሁ። መሣሪያው ራሱም ዘላቂ አይደለም፦ 566 ግራም የሚመዝነውን ሆሎሌንስ 2ን ማይክሮሶፍት በ2024 ማምረት አቁሟል። በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተደገፈ ችሎታ ዕቃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ለእርስዎ ወይም ለቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ኦፕሬሽን ከታዘዘ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ምስሉ የሚነሳው መቼ ነው? ትክክለኛነቱ በየመሐሉ እንዴት ይረጋገጣል? መነጽሩ ቢበላሽ ያለ እሱ ይቀጥላሉ ወይ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ክፍላቸው ገባሁ።

«እህስ፣ ዓይኑን ከምጣዱ አነሳ?» አሉኝ።

«አላነሱም፣ እማማ። እንዲያውም ምስሉና አጥንትዎ ያልተስማሙበት ጊዜ ነበር። ያኔ ያመኑት አጥንትዎን ነው።»

«እጁን ይባርከው» አሉና፣ ሳልጠይቃቸው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የሁለቱንም እግሮቻቸውን ጣቶች አንቀሳቅሰው አሳዩኝ።