በመቅደላ አምባ ዙሪያ በእግር መጓዝ

ተራራን ከሩቅ ሆኖ ማድነቅና ተራራን በእግር ወጥቶ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጽሐፍ ያነበብነው ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ቦታውን ያልረገጠ ሰው ነገሩን ሰማ እንጂ አየ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢያችን የምናቀርበው ንግግር፥ ለእግር ጉዞም ለትምህርትም ስለሚሆን ስለ አንድ አምባ ነው።

በመካነ ሰላም፥ በሳይንት፥ በተንታና በደላንታ ለሚኖር ሰው አምባ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ፥ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር የሆነ ተራራ ነው። ይህን ደጋ እየቆረጡ አምባ አምባ ያደረጉት እንደ በሽሎ ያሉት ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ከእነዚህም አምባዎች ሁሉ ስሙ በዓለም የተሰማው፥ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተንታ ወረዳ የሚገኘው መቅደላ ነው፤ አምባ ማርያም የሚል ስምም አለው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በራሱ ላይ ያለው ሜዳ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

መንገደኛው ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ለማየት ቢፈልግ፥ ጉዞውን ከታች ከአሮጌ ሜዳ ይጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ መንገድ እያስጠረጉ ከባድ መድፎቻቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። በዚያው ጊዜ በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራው፥ ከእንግሊዝና ከሕንድ ወታደሮች የተውጣጣ 13 ሺህ ያህል ጦር በዙላ ወደብ ወርዶ ወደ ደጋው ይገሠግሥ ነበር። ሁለቱ የተገናኙት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፥ በዚሁ በአሮጌ ሜዳ ነው።

ከአሮጌ ወደ ፋላ ሲወጣ ዳገቱ እስትንፋስ ያሳጥራል። እዚያ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መመልከት ግን ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጣል። የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች የተጠመዱት በዚህ ራስ ላይ ነበርና፥ ወደ ቁልቁል ሲተኮሱ ጥይታቸው ከጠላት በላይ እያለፈ ይወድቅ ነበር። ሠራዊቱም ከፍተኛውን ስፍራ ትቶ ወደ ሜዳው ወረደ። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘው ወገን፥ ከኋላው ከሚጎርሰውና ፈጥኖ ከሚተኩሰው ስናይደር ጋር በግልጥ ሜዳ ገጠመ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ከእነርሱ የሞቱት 2 ነበሩ። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው መሣሪያ ነበር። ይህን ልዩነት ቁጥሩ ይናገራል፤ ቁልቁለቱ ግን ያሳያል።

ከፋላ በኋላ የሥላሴን ከፍታ አልፎ፥ እስላምጌ የተባለውን ደልዳላ ስፍራ ተሻግሮ፥ መንገዱ ወደ ኮከት በር ያቀናል። ይህ የአምባው ዋና በር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ የእንግሊዝ ጦር በሩን ለመስበር በመጣ ጊዜ፥ መሐንዲሶቹ ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተው ነበር። ሆኖም ወታደሮቹ በእሾህ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ። ገደሉ ያው ገደል፥ በሩም ያው በር ነበር፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ጥቂት ቀርቶ ነበር። እንግዲህ አምባ በተፈጥሮው ብቻ እንደማይጠበቅ በዚህ እናስተውላለን። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት በዚያው በበሩ አጠገብ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ።

ወደ ላይ የወጣ ሰው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በአምባው ላይ ያገኘዋል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው። ድል አድራጊው ጦር ከአምባው ብዙ ነገር ሲወስድ እርሱን ሊያነሣው አልቻለም። ሌላውን ግን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወሰደ፤ በደላንታ ሜዳም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። አምባውንም አቃጠለው። ስለዚህ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን ይነበባሉ፤ ታቦቶችም በእንግሊዝ ቤተ መዘክር ከሰው ዐይን ተሰውረው ይገኛሉ። የተመለሰው ጥቂት ነው፤ በ1994 ዓ.ም. አንድ ታቦት ከኤዲንበርግ፥ በ2011 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጠጉር ከለንደን መጥተዋል።

በአምባው ማዶ ካፊር በር የሚባል ሌላ መውጫ አለ። አካሉ የበረታ ሰው በመሪ እየታገዘ በዚያ ወርዶ፥ በግርጌው ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ፥ ጉዞው ሙሉ ይሆንለታል።

ለዚህም ጥቂት ምክር እንጨምር። የተሻለው ወራት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ሌሊት ገና ሳይነጋ መነሣት፥ ውሃና ስንቅ መያዝ፥ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ መጫማት ይገባል። ከመነሣት አስቀድሞም ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሰላም ከወረዳው ሹማምንት መጠየቅ፥ ከአገሬው ሰው አንድ መሪ መያዝና ድካሙን በሚገባ መካስ ያስፈልጋል። ገበሬው ያረሰውን ማሳ አለመርገጥ፥ ቤተ ክርስቲያኑንም በአክብሮት ማለፍ የጨዋ እንግዳ ደንብ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነው። ከፈረሰው ግንብ አንዲት ድንጋይ፥ ከመሬቱም አንዲት የሸክላ ስባሪ ለመታሰቢያ ብሎ ማንሣት አይገባም። ባዕድ የወሰደብንን መልሱልን እያልን፥ እኛው ራሳችን የቀረውን ብንለቅም ቃላችን ዋጋ ያጣል። እያንዳንዱ ጎብኚ አንዳንድ ድንጋይ ቢያነሣ፥ ዝሆን ሳይጫን፥ ጨረታ ሳይጠራ፥ መቅደላ ዳግመኛ ይዘረፋል። አንባቢ ሆይ፥ ወደዚያ አምባ በወጣህ ጊዜ ያየኸውን በልብህ ያዝ፤ ለልጆችህም ንገራቸው፤ እጅህ ግን ባዶውን ይመለስ።