ከውሻ ጋር ወደ እንጦጦ የሚደረግ ጉዞ ዝግጅቱ ከክትባት ይጀምራል

አዲስ አበባን ከሰሜን አቅጣጫ ከልሎ የያዘው የእንጦጦ ተራራ በእረፍት ቀናት በእግር ለመጓዝ፣ ለመሮጥና ንጹሕ አየር ለመቀበል የሚወጡ ነዋሪዎች የሚያዘወትሩት ስፍራ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከኮተቤ ወደ ላይ የሚያመሩት መንገዶችም ተጓዡን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመኖሪያ መንደር አውጥተው ከባሕር ዛፍ ደን ያደርሱታል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ለአገልግሎት ክፍት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ተራራው ይበልጥ ትኩረት አግኝቷል።

ከተጓዦቹ መካከል የቤታቸውን ውሻ አስከትለው የሚወጡ፣ አልፎም በድንኳን ለማደር የሚያቅዱ ይገኙበታል። ይሁንና ለራሱ ስንቅና ልብስ አሟልቶ የሚነሳ ሰው ለውሻው የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገመድ አያልፍም። የዝግጅቱ ጉድለት በእንስሳው ላይ ብቻ ሳይወሰን ለባለቤቱ፣ ለመንገደኛውና ለዱር እንስሳት ጭምር ሊተርፍ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥም 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ አማካኝነት ነው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የአፍሪካና የእስያ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ታማሚውን ማዳን የማይቻል ነው ማለት ይቻላል።

በሽታው ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በከተማዋ ስለተከሰተ ወረርሽኝ በጽሑፍ የሰፈረው መረጃ እ.ኤ.አ እስከ 1903 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዛሬም ባለቤት አልባ ውሾች በብዛት በሚታዩባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች ተጓዡና ውሻው ከእነዚህ እንስሳት ጋር መገናኘታቸው የማይቀር ነው።

በመሆኑም ከማንኛውም ዕቃ አስቀድሞ ወደ ቦርሳ ሊገባ የሚገባው የውሻው የክትባት ካርድ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያም በእንስሳት ሐኪም በሚሰጠው ቀጠሮ መሠረት ይታደስለታል። ክትባቱ ሙሉ መከላከያ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የሚፈልግ በመሆኑ፣ በጉዞው ዋዜማ ማስከተቡ ለዚያው ጉዞ የሚፈይደው ነገር አይኖርም።

ከካርዱ ቀጥሎ የሚመጣው ማሰሪያ ነው። ጠንካራ የአንገት ቀበቶና ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ገመድ ወይም ሰንሰለት ውሻው ከባለቤቱ ጎን እንዳይርቅ ያደርጋሉ። በቀበቶው ላይ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር መጻፍ ይኖርበታል። ሰው በሚበዛበት መንገድ አፍ ማሰሪያ ማድረግ ቢያስፈልግ፣ ቅርጫት መሰል የሆነውና ውሻው አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክ የሚያስችለው ዓይነት ይመረጣል። ውሻ የሰውነት ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋናነት በማለክለክ በመሆኑ አፉን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ጨርቅ ለአቀበት ጉዞ አይሆንም።

ማሰሪያው የሚያስፈልገው ለውሻው ደህንነት ብቻ አይደለም። በእንጦጦ ቁልቁለት የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የዕለት ኑሯቸውን የሚደጉሙት በዚሁ ሥራ ነው። ከባድ ሸክም ያዘለች ሴት በድንገት በሚጮህባት ወይም በሚዘልባት ውሻ ብትደነግጥ ከነሸክሟ ልትወድቅ ትችላለች። ከመንገዱ ዳር ወጥቶ፣ ገመዱን አሳጥሮና ውሻውን አስቀምጦ ማሳለፍ ከባለቤቱ ይጠበቃል። ማልደው ለሚሮጡ አትሌቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል።

አካባቢው የታሪክና የእምነት ስፍራም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ሲሆን፣ በየካ በኩል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ምእመናን ለጸሎትና ለጠበል ማልደው ወደሚወጡባቸው ወደ እነዚህ ቅጥር ግቢዎች ውሻ ይዞ መግባት ነውር ነው። ቤተክርስቲያኖቹን መጎብኘት የሚሻ ተጓዥ ውሻውን ከቅጥሩ ርቆ የሚጠብቅለት ሰው አብሮት እንዲኖር አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ወደ ፓርክ ወይም ወደ ተከለለ ደን ለመግባት ሲታሰብም ውሻ ይዞ መግባትም ሆነ ድንኳን ተክሎ ማደር የሚፈቀድ መሆኑን ከበር ጠባቂዎች ወይም ከአስተዳደሩ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ውሃ ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። አንድ ውሻ በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ቢያንስ አንድ ሊትር ያህል ውሃ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ አቀበት ሲወጣ ፍላጎቱ ይጨምራል። ከተራራው የሚወርዱ ምንጮችና ወንዞች በሰውና በከብት ሊበከሉ ስለሚችሉ የመጠጥ ውሃውን ከቤት ይዞ መውጣትና በቀላል የፕላስቲክ ሳህን በየእረፍቱ ጥቂት በጥቂት መስጠት ይመረጣል።

በምግብ ረገድ የተለመደው አሠራር ከሰው የተረፈውን ለውሻ መስጠት ነው። ነገር ግን የአብዛኛው ወጥ መሠረት የሆነው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጎዳ በመሆኑ የወጥ ትራፊ ለጉዞ ስንቅነት አይመከርም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ ጎጂ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰባብሮ ጉሮሮንና አንጀትን ሊወጋ ይችላል። ጥሬ ሳንባና ጉበት መስጠት ደግሞ የኮሶ ትል ዝርያ የሆነ ጥገኛ ትል ወደ ውሻው እንዲገባ ምክንያት ሲሆን፣ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ተሸጋግሮ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያስከትላል። ውሻው በቤቱ የለመደውን፣ ያለሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋና ሩዝ መያዙ የተሻለ ነው። ዓይነ ምድሩን የሚሰበስቡበት ፌስታልም ከስንቁ ጋር አብሮ ይታሰባል።

የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ዕቃዎች ከባድ መሆን አይጠበቅባቸውም። ንጹሕ ፋሻ፣ መዥገር መንቀያ ወረንጦ፣ ትንሽ መቀስና አንድ ሙሉ ሳሙና ይበቃሉ። ለሰው የሚታዘዙ የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይም አይቡፕሮፌን፣ ውሻን ሊመርዙ ስለሚችሉ ያለ እንስሳት ሐኪም ትዕዛዝ አይሰጡም።

ሳሙናው ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እንዲታጠብ ይመክራል። በተራራ ላይ ቧንቧ በማይገኝበት ሁኔታ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ቀድቶ ውሃውን በቀጭኑ እያፈሰሱ ማጠብ መጀመርና ወደ መንደር ሲወርዱ ማጠናቀቅ ይቻላል። ከዚያም ቁስሉ ቀላል ቢመስልም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው። ምልክቱ ከተነከሱ በኋላ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወራት የሚወስድ በመሆኑ "ምንም አልተሰማኝም" ብሎ መዘናጋት ለሞት ይዳርጋል። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ቢኖር ክትባቱን ሳያቋርጥ ሊሆን ይገባል።

የተነከሰው ውሻው ከሆነም ቁስሉን አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተከተበ ውሻ ተጨማሪ ክትባት ሊሰጠው የሚችል ሲሆን፣ የክትባት ካርዱ በእጅ መኖሩ ለሐኪሙ ውሳኔ ወሳኝ ነው።

ለአዳር የሚወጣ ተጓዥ ቅዝቃዜውንም ሊያስብበት ይገባል። የተራራው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ሌሊቱ ከመሃል ከተማው በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባሉ ሌሊቶች ቅዝቃዜው ይበረታል። አጭር ጸጉር ላለው ውሻ ከመሬት የሚለየው ወፍራም ምንጣፍና አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መያዝ ያስፈልጋል።

የእንጦጦ ጅቦችም መዘንጋት የለባቸውም። ደጅ ታስሮ የሚያድር ውሻ ማምለጫ የሌለው በመሆኑ ድንኳን ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ማደር አለበት። ሥጋና አጥንት በሚዘጋ ዕቃ መቀመጥ ሲኖርባቸው፣ የእጅ ባትሪም ከአጠገብ መጥፋት የለበትም። እ.ኤ.አ በ2012 የታተመና በትግራይ ክልል የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓቢይ ጾም የሥጋ ትራፊ ሲቀንስ ጅቦች አህያ ወደ መብላት ያዘነብላሉ። ከዚህ በመነሳት በጾም ወራት የሚያድሩ ተጓዦች ይበልጥ ቢጠነቀቁ መልካም ነው። ጅብን ለማባረር ተብሎ ግን በደኑ ውስጥ እሳት መለኮስ ዘይትነት ባለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ምክንያት ከፍተኛ የቃጠሎ አደጋ ያስከትላል።

በእንጦጦ ልምድ ያካበቱ ተጓዦች ወደ መንዝ ጓሳ፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ሲሻገሩ ግን ውሻቸውን በቤት መተው አለባቸው። እ.ኤ.አ በ2003 በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የማይገኘው የዚህ እንስሳ ጠቅላላ ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል።

በውሻ አማካኝነት የሚደርሰውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት ዓለም አቀፍ ግብ ተቀምጧል። በአንድ አካባቢ ከሚገኙ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታውን ስርጭት መግታት እንደሚቻል ባለሙያዎች ይስማማሉ። ውሻውን አስከትቦ፣ አስሮና ስንቁን አሟልቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ነዋሪም ለዚህ ግብ የድርሻውን እየተወጣ ነው።