የደሙ ባለቤት ማን ነው?

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሰው የሚያውቃት በሸክላ ሥራዋና ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ነው። እኛ የሄድነው ግን ዕድሜያቸው ዘጠና የተጠጋ አንዲት ሙስሊም እናት ለመዘየር ነበር። ተማሪ ልጃቸው በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ያኔ ይኖሩበት ከነበረው ከአዲስ አለም ሰፈር ተወስዶ አልተመለሰም። አልታጠበም፣ አልተከፈነም፣ ሰላተል ጀናዛ አልተሰገደበትም። እናቲቱ ድምፅ አውጥተው እንዲያለቅሱ እንኳ አልተፈቀደላቸውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ግፍ በአገራችን ፍርድ ቤት ስሙን አግኝቷል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚሁ ስም ይጠራዋልና። በ2000 ዓ.ም. በመንግሥቱና በሌሎች ላይ ሞት ተፈረደ። ኋላ የሃይማኖት መሪዎች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ ምሕረት ለመኑላቸው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23 ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ ተፈቱ። ከሟች ቤተሰቦች ቅር ያላቸው ነበሩ።

ማስታረቅን አንነቅፍም፤ ሱልህ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። ነገር ግን በሱረቱል በቀራ 178ኛ አንቀጽ ምሕረቱ የተተወው ለሟች ወገን ነው። አስታራቂ ይለምናል እንጂ በእነሱ ፈንታ ይቅር አይልም። የአገራችን ሽማግሌም ቢሆን ገዳዩን ድንጋይ አሸክሞ የሚያመጣው ከሟች ቤተሰብ ደጅ ነው። የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወንድሞችም ምሕረት ያገኙት ጥፋታቸውን በአንደበታቸው ካመኑ በኋላ ነው።

ይቅር ያለ ሰው ቁስሉ ወዲያው ይሽራል ማለትም አይደለም። የአጎታቸው የሐምዛ ገዳይ ወሕሺ ሲሰልም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናውን ተቀበሉ፤ ፊቱን እንዳያሳያቸው ግን ጠየቁት። ከእሳቸው የበለጠ አዛኝ ማን ነበረ? እንግዲህ ለአንዲት እናት «አሁንስ ይርሱት» የምንል ሰዎች ቀስ እንበል።

እኚህ እናት የማንንም ደም አይፈልጉም። እስረኞቹ መፈታታቸውን የሰሙት በራዲዮ ነው፤ ደጃቸውን የረገጠ ሽማግሌ የለም። የሚፈልጉት የልጃቸውን ቀብር ማወቅ ብቻ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቢነግራቸው ዐፍው እንደሚሉት ቡናውን እየቀዱ ነገሩን። መምህራን ናችሁና ደብዳቤ ጻፉልኝ አሉን። ጻፍነው። ለማን እንደሚላክ ግን እሳቸውም እኛም አላወቅንም።