ስለ አስታ እና ስለ ምድሩ ዕረፍት

መንገደኛ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ወጥቶ የገብሱ እርሻ እየሳሳ፥ ረጃጅሙም ዛፍ ከቍሩ የተነሣ እየቀረ ሲሄድ፥ በስሜንና በባሌ፥ በመንዝም ጓሳ ተዳፋቱን ይዞ የሚያገኘው ዕፅ አስታ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ጥቃቅን፥ አበባውም ነጭ ሲሆን፥ በቅርንጫፉ ሁሉ ተንዠርግጎ ሲታይ ለእጅ የማይበቃ ታናሽ ቃጭል ይመስላል። እሳትና ምሳር ባልነካው ስፍራ ከሰው ቁመት አልፎ ዛፍ ይሆናል፤ በስሜን ግን ወደ 3,700 ሜትር ሲቃረብ እያጠረ ሄዶ፥ ስፍራውን ለጓሳ ሣርና ለጅባራ ይለቅቃል። ከግንዱ ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ጉሙን እያጠለለ፥ ሥሩም አፈሩን እየያዘ፥ ወደ ተከዜ ለሚወርዱት ጅረቶች ውኃ ያቈያል።

የዚህ ዕፅ ጥበብ ከመሬት በታች ነው። በሥሩ አንገት ላይ የሚያብጠው ጠንካራ ጕጥ፥ በሜዲትራንያን አገሮች የትንባሆ ፒፓ የሚቀረጽበት፥ ለአስታ የሕይወቱ መዝገብ ነው፤ ላዩ በእሳት ቢጠፋ ከዚያ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። የባሌ እረኞች ይህን ስለሚያውቁ በበጋ አስታውን እያቃጠሉ ለከብታቸው ለምለም ግጦሽ ማውጣታቸው የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ጕጡ ያከማቸውን ሳይተካ እሳቱ ቢደጋገም፥ ቡቃያውን ፍየል ቢቀረጥፈው፥ ጕጡም ራሱ ለማገዶ ቢነቀል፥ ትንሣኤ የለውም።

መንግሥት የአስታን ምድር ለመጠበቅ የመረጠው መንገድ በአመዛኙ ክልከላ ነበር። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ እስከ 2017 በዚያ ቈየ። ከዚህም የአደጋ መዝገብ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭን መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ የተነሣው ሰደድ እሳት ጓሳውንና አስታውን ሲበላ፥ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም የእሳት ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ የታዩት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

የመንዝ አበው ሌላ መንገድ ነበራቸው። የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ባለርስቶች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ከፍተው፥ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉት ነበር። ከባለርስትነት ውጭ ያለውን ሰው ማራቁ ግን ነውሩ ነበርና፥ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ሥርዓቱም አብሮ ወደቀ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ ደንብ መልሶ እስኪያቆመው ድረስ ምድሩ ጠባቂ አልነበረውም።

በኦሪት ምድር በሰባተኛው ዓመት ታርፍ ዘንድ ተደንግጎ ነበር፤ የቀሮ ሥርዓትም ያንኑ ዕረፍት በደጋ ልማድ የፈጸመ ነው። ስለዚህ ለአስታ ምድር ደንብ የሚያወጣ ሁሉ ከአጥሩ በፊት በእሳትና በእሳት፥ በምሳርና በምሳር መካከል የሚያልፉትን ዓመታት ይወስን፤ ቍጥሩንም፥ ቢሳሳት ቀድሞ ለሚጐዳው፥ በዚያ ለሚኖረው ሕዝብ በአደራ ይስጥ።