አደባባይ ሰውን የሚጋብዘው መቼ ነው?

በነባር ከተሞቻችን እምብርት አደባባይ ሲታደስ በቅድሚያ የሚታሰበው ለዓይን ማማሩ ነው። ይሁን እንጂ አረፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ራሱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ይህን ሙቀት በቀላሉ ማስወገድ ካልቻለ፣ የተዋበው አደባባይ ባዶውን ይውላል።

በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ በካሬ ሜትር እስከ 1,000 ዋት ገደማ ታወርዳለች። አስፋልት አብዛኛውን ይውጠዋል። የገጹ የሙቀት መጠን ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያድግ፣ በስቴፋን-ቦልትዝማን ሕግ መሠረት የሚረጨው ጨረር በካሬ ሜትር ከ480 ወደ 700 ዋት ሊጠጋ ይችላል። መንገደኛው እንግዲህ ከላይም ከታችም ይሞቃል ማለት ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ፀሐይ በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች 3 ሜትር ግንብ 3 ሜትር ጥላ ስለሚጥል ጠባቡ መንገድ በጥላ ይሸፈናል። በ80 ዲግሪ ላይ ግን ጥላው ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአገራችን የቀትር ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ፣ ቀትርን የሚመክተው ከላይ የተዘረጋ በረንዳ ወይም ዛፍ ነው። ዛፍ ጨረሩን ከመጋረዱም ሌላ በቅጠሎቹ ውሃ ያተናል፤ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል።

የደቡብ ምዕራብ ቡና አምራች ይህን በልምድ ያውቃል፤ ዋንዛንና ሳሳን ከቡናው በላይ የሚያቆየው ለጥላቸው ነው። ይህ ዕውቀት ከማሳው ወደ ከተማው ሊሻገር ይገባዋል፤ ሲሻገር ግን በየስፍራው ልክ መሆን አለበት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል የሆነችው ማጂ፣ ከሞቃታማዋ ቴፒ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተራራ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ብቻ 6 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ስለዚህ ለቴፒ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሲያስፈልጋት፣ ለማጂ የጠዋት ፀሐይ የሚደርስበት መቀመጫና ከዝናብና ከነፋስ የሚከልል በረንዳ ይሻላታል። አንድ ንድፍ ለሁለቱም ቢገለበጥ ቢያንስ አንደኛዋን ይበድላል።

በአንድ ረፋድ የሚቆረጥ የአደባባይ ዛፍ ለመተካት አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ስለሆነም ተማሪዎች ሆይ፣ በከተማችሁ አሮጌ ዛፍ ሊቆረጥ ሲታሰብ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ውጡ፤ በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት በኋላ፣ በጥላው ሥርና በአስፋልቱ ላይ ያለውን ልዩነት ለክታችሁ መዝግቡ። በቁጥር የተደገፈ ቃል በከተማ ፕላን ስብሰባ ላይ ክብደት አለው።